ምዕራፍ ሰባት፦ ቁልፍ ስለሚረከብ ሰው

በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ፣ ፀሓይ አናት ላይ ስትደርስና የሐሙዲ መስጊድ ሚናራ ጥላ ወደ ግርጌው ሲሰበሰብ፣ ከሐረርጌ የመጣውን ሽንኩርትና ቲማቲም በጆንያ ላይ ዘርግተው ሲሸጡ ያረፈዱት ሴቶች ሸቀጣቸውን በጨርቅ ይሸፍናሉ፤ ባለሱቆቹም የብረት መዝጊያቸውን ወደ ታች ስበው ቆልፈው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው የሙቀት ወራት የአየሩ ግለት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት፣ ካምሲን የሚሉትም የምድረ በዳ ነፋስ አቧራ ተሸክሞ የሚነፍስበት አገር እንደ መሆኑ መጠን፣ ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ያህል ንግድን ማቆም በብዙ ዘመን ኑሮ ተፈትኖ የጸና ልማድ ነው።

ለጽዳት ሥራ ከሁሉ የሚመቸው ሰዓት ደግሞ ይኸው ሰዓት ነው። ደንበኛ የለም፤ ወለሉ አይረገጥም፤ ጠዋቱን ሙሉ በእግርና በነፋስ የገባው አቧራ ሊጠረግ፣ ወለሉ ሊወለወል፣ የመስተዋቱ ሣጥን ሊታበስ ይችላል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በመሳቢያው ውስጥ የጠዋቱ ሽያጭ አለ፤ በመደርደሪያው ላይ ሽቶና የእጅ ሰዓት አለ፤ በጠረጴዛው ላይ የዱቤ መዝገብ ተከፍቶ ይገኛል፤ ባለቤቱ ግን የለም። እንግዲህ የጽዳት ድርጅት ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ለደንበኛው የሚልከው መጥረጊያ የሚይዝ እጅ ብቻ አይደለም፤ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቀው፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዘው ቄሰ ገበዝ በሹመቱ የሚከበረው ስለ ምን እንደ ሆነ ብናስብ፣ ባለቤት በሌለበት ቤት ውስጥ ብቻውን እንዲቆም የታመነ ሰው የያዘው ኃላፊነት ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ እንረዳለን። ይህን ክብር ለጽዳት ሠራተኛ የነፈገ አሠሪ፣ ለምርጫውም የሚገባውን ጥንቃቄ ሳያደርግ ይቀራል።

በአገራችን «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚል ብሂል አለ። ብሂሉ ከብዙ ሐዘን የተወለደ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በዚህ ብሂል የሚኖር ሰው የጽዳት ድርጅት ሊያቋቁም አይችልም፤ ሥራው በሕይወት ባሉ ሰዎች እምነት የሚቆም ነውና። ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ሰው ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለው አይደለም፤ እምነትን በምን ምልክት እናውቀዋለን፣ በምንስ ሥርዓት እንጠብቀዋለን የሚለው ነው።

ስለ ማዕከላዊ ገበያ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የፈቀዱት የምድር ባቡር ሥራ በ1897 ከዚሁ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ በዚህች ከተማ የአማርኛ ድምፅ ተቋርጦ አያውቅም። ዛሬም በገበያው መካከል የሚያልፍ ሰው ሶማልኛውን፣ አፋርኛውን፣ ዐረብኛውንና ፈረንሳይኛውን ሲሰማ አማርኛውንም ይሰማል። ሥራ ፈልጎ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ሰው የሚስበው አንዱ ምክንያት ገንዘቡ ነው፤ የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቁርጥ ምንዛሪ የታሰረው በ1949 ሲሆን፣ ከ1973 ጀምሮ አንዱ ዶላር 177.721 ፍራንክ ሆኖ ሳይነቃነቅ ኖሮአል፤ ብሩ ግን፣ በተለይም በሐምሌ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ እየቀለለ ሄዷል። ስለሆነም በጅቡቲ ወለል የምትወለውል አንዲት ሴት፣ በወሎ ወይም በሐረርጌ የቀሩትን እናቷንና ልጆቿን በወር መጨረሻ በምትልከው ፍራንክ ልታኖር ትችላለች። ይህን የማያውቅ አሠሪ የሠራተኛውን ልብ አያውቅም፤ ደመወዝ በሦስት ቀን ቢዘገይ «ምን አለበት» ይላል፤ በዚያች ሦስት ቀን ግን በሩቅ አገር የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ያልፍበታል። በከተማው ፈረንሳይኛ የቤት ሠራተኛ ሴት «ቦዬስ» ትባላለች፤ ቃሉ በቅኝ ግዛት ዘመን ለአዋቂ ወንድ አገልጋይ እንደ ልጅ ይሰጥ ከነበረው «ቦይ» ከሚለው መጠሪያ የተወለደ ነው። ለድርጅታችሁ ሰው ስትቀጥሩ ይህን ቃል ከደጃችሁ እንድትመልሱት አጥብቄ እለምናለሁ።

ብዙ ሰው የጽዳት ሠራተኛ የሚቀጥረው በሦስት መንገድ ነው፤ በፊት፣ በዘመድ፣ በዋስ። በፊት ማለቴ፣ አመልካቿ ስትገባ አንገቷን ብትደፋ፣ ነጠላዋን ብታስተካክል፣ ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግ «ጨዋ ናት» ተብላ የምትመረጥበት ነው። አንገት መድፋት ግን የአስተዳደግ ልማድ እንጂ የታማኝነት ማረጋገጫ አይደለም፤ እንዲያውም ለጽዳት ሥራ የሚያስፈልገው ሰው ቀና ብሎ «ይህ መድኃኒት ከዚያ ጋር አይደባለቅም»፣ «ይህን በር ክፍት አግኝቼዋለሁ» ለማለት የሚደፍር ሰው ነው። በዘመድ የሚቀጥረው ደግሞ የአገር ልጅነትን ከሙያ ያስቀድማል፤ የወንዝ ልጅ የሆነችውን ሲቀጥር ያጠራቀመው ይሉኝታ፣ ስታጠፋ ለመናገር፣ ሳትችል ስትቀር ለማሰናበት በፈለገ ጊዜ አንደበቱን ይይዝበታል። ከዚህም በላይ አምስት ሠራተኞች ከአንድ መንደር የመጡ እንደ ሆነ፣ አንዲቱ ስትቀየም አምስቱም በአንድ ቀን ይቀራሉ።

ስለ ዋስ ግን ጥቂት ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። በኢትዮጵያ ለገንዘብ ያዥ፣ ለዘበኛ፣ ለቤት ሠራተኛ ተያዥ መጠየቅ ሥር የሰደደ ልማድ ነው፤ መነሻውም መልካም ነው፤ ሰው ብቻውን እንዳልቆመ፣ የሚያውቀውና ስለ እርሱ የሚቆረቆር ወገን እንዳለው ያሳያል። ነገር ግን ድንበር ተሻግሮ በመጣ ሰው ላይ ይህ ልማድ መልኩን ይለውጣል። በጅቡቲ ዘመድ የሌላት ሴት ዋስ የምታገኘው ከወዴት ነው? ከደላላው ነው። ደላላውም ዋስ የሚሆናት በዋጋ ነው፤ ዋጋውም ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ወር ደመወዟ ላይ የሚቈረጥ ዕዳ ነው። ስለዚህ ዋስ አለኝ ብላ የመጣችው ሴት ገና ሥራ ሳትጀምር ባለዕዳ ናት፤ ባለዕዳ የሆነ ሰው ደግሞ ለፈተና ቅርብ ነው። አሠሪው ከስርቆት ልጠበቅበት ብሎ የጠየቀው ዋስትና ራሱ የስርቆትን ምክንያት ይወልዳል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1997 ያወጣው፣ ኢትዮጵያም በ1999 ያጸደቀችው ቁጥር 181 ስምምነት፣ የግል ሥራ አገናኞች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበሉ በመሠረቱ የሚከለክለው ይህንኑ አይቶ ይመስለኛል። ደላላ የሚያስፈልግ ከሆነ አሠሪው ይክፈለው፤ አመልካቿንም «ለማን ምን ያህል ከፍለሻል?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃት። የሰው ምስክር የሚያስፈልግ ከሆነም ገንዘብ የሚያስይዝ ሳይሆን የሚያውቃትን ነገር የሚናገር ሰው ታምጣ፤ የቀድሞ አሠሪ፣ የሰፈር እናት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው ይበቃል።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ እንግባ። አስቀድሞ ስለ ሰዓት። አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛን «በሰባት ሰዓት ና» ብትሉት ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ በፈረንሳይኛ «በሰባት» ያለው አሠሪ ግን በማለዳው ጠብቆ ደክሞታል፤ ከዚያም «ገና በመጀመሪያው ቀን ቀረ» ብሎ ስሙን ይሰርዛል። አንዱ ቀኑን ከንጋት ሲቈጥር ሌላው ከእኩለ ሌሊት በመቍጠሩ ብቻ፣ ስንት ቀና ሰው በሐሰት ሰነፍ ተብሎ ይሆን? ቀጠሮ ስትሰጡ «ጠዋት ገበያው ሲከፈት»፣ «ከዐሥር ሰዓት በፊት ሱቁ ሳይከፈት» እያላችሁ፣ ሰዓቱንም በሁለቱም አቈጣጠር ንገሩ።

ሁለተኛው ነገር፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዐይነት ጥያቄ በአንድ ዐይነት ቅደም ተከተል ማቅረብና መልሱን ወዲያው መጻፍ ነው። ይህ ነገር ደረቅ የቢሮ ሥርዓት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ የተመረመረ ነው። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት የ85 ዓመት ምርምርን አሰባስበው በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ፍጹም ትንበያ 1፣ የማይረባ ትንበያ 0 ሆኖ ሲለካ፣ ጥያቄው ተዘጋጅቶ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ 0.51፣ እንደ መጣ የሚደረግ ጭውውት 0.38፣ በሥራ ላይ የቈዩበት ዓመት ብዛት ደግሞ 0.18 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 ስሌቱን እንደ ገና ሲመረምሩ ቍጥሮቹ ዝቅ ቢሉም፣ የተዘጋጀው ቃለ መጠይቅ በ0.42 ከሁሉ በላይ ሲቀመጥ ያልተዘጋጀው ወደ 0.19 ወርዷል። ትርጕሙ ለእኛ ግልጽ ነው፤ በቡና ላይ ተቀምጠን ስለ አገርና ስለ ዘመድ እየተጫወትን «ልቤ ወደዳት» የምንለው ፍርድ፣ ስለ ሠራተኛዋ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ራሳችን ልብ የሚነግረን ይበልጣል።

ጥያቄዎቹ ምን ይሁኑ? «ታማኝ ነሽ?» የሚል ጥያቄ ከንቱ ነው፤ ሌባውም ጻድቁም አንድ መልስ ይሰጣሉና። መጠየቅ ያለበት የሆነው ነገር ነው። «እኅቴ፣ ሥራ ላይ ሳሉ ዕቃ ከእጅዎ ወድቆ የተሰበረበትን ቀን ያስታውሳሉ? መጀመሪያ ምን አደረጉ? ለማን ነገሩ?» «አሠሪዎ በሌሉበት ሰው መጥቶ በሩን ክፈችልኝ ብሎዎት ያውቃል? ምን መለሱ?» «ሥራ መምጣት ያልቻሉበት ቀን ነበር? እንዴት አስታወቁ?» የሚሉት ጥያቄዎች ቀላል ይመስላሉ፤ መልሳቸው ግን ብዙ ያሳያል። «እትዬ፣ እኔ እኮ ከተወለድሁ ዕቃ ሰብሬ አላውቅም» የምትል ሴት ከፍርሃት የተነሣ ልትናገረው ትችላለች፤ ስለዚህ አትናቋት፤ «ምንም አይደለም፣ እኔም ሰብሬ ዐውቃለሁ፣ ይንገሩኝ» በሏትና ጠብቁ። «የእመቤቴ የሻይ ብርጭቆ ነበር፤ ስብርባሪውን በወረቀት ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ማታ ሲመጡ አሳየኋቸው፤ ተቈጡኝ፤ ግን በሚቀጥለው ወር ደመወዝ ጨመሩልኝ» የሚል መልስ ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ዕፍረትም አለው፤ እውነት እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዛ ትመጣለች። ከዚህ በፊት ተቀጥራ የማታውቅ ልጅ ብትሆን ደግሞ በእናቷ ቤት፣ በዕድር፣ በማኅበር ድግስ ላይ ስለ ተሰጣት ኃላፊነት ጠይቋት፤ የድግስ ዕቃ ቈጥራ ተረክባ ቈጥራ ያስረከበች ልጅ የጽዳት ድርጅት የሚፈልገውን ዕውቀት ግማሹን ይዛለች።

«እርስዎ» እያልሁ መጠየቄንም አስተውሉ። በአንቱታ የተጠየቀ ሰው በአንቱታ ይመልሳል፤ ነገ በደንበኛው ሱቅም ቀና ብሎ ይቆማል። ስለ ባል፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ብሔር መጠየቅ ግን ለሥራው የሚጠቅመው የለምና ይቅር።

ጠያቂው ብቻ ጠይቆ ቢነሣ ቃለ መጠይቁ እኩሌታ ነው። የሥራውን እውነተኛ መልክ አስቀድሞ የመናገር ግዴታ የአሠሪው ነው፤ በጅቡቲ ይህ እጅግ ያስፈልጋል። የአገሩ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው፤ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ቅዳሴ ሳያመልጣት ያደገች ኦርቶዶክሳዊት ይህን የምታውቀው በመጀመሪያው እሑድ ከሆነ፣ ወይ ትቀራለች ወይ እያዘነች ትመጣለች፤ አስቀድሞ ከተነገራት ግን ከቅዳሴ በኋላ የሚጀምር ፈረቃ ልትስማማ ትችላለች። ለሙስሊሟም እንዲሁ በረመዳን ሰዓቱ እንዴት እንደሚቀየር ይነገራት። ሰባት ሰዓት ገደማ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲደርስ የከተማው ፍጥነት እንደሚለወጥ፣ ከቀትር በኋላ በሥራ ላይ መገኘት ግን የግድ እንደ ሆነ፣ ማታ ደግሞ ከየደጃፉ የሚጠረገው ገራባ ብዙ እንደ ሆነ በግልጽ ይነገር። በሐምሌ ሙቀት መዝጊያው ተዘግቶ መሥራት ምን እንደሚመስል፣ ስንት ጊዜ ወጥቶ ውሃ መጠጣት እንደሚፈቀድ ይነገር። ይህን ሁሉ ሰምታ «አይሆንልኝም» ብላ የሄደች ሴት አልጐዳቻችሁም፤ በሁለተኛው ሳምንት ከመጥፋቷ አድናችኋለች።

ከቃል ቀጥሎ እጅ ይፈተን። አንዲት ትንሽ ክፍል፣ አንድ መስተዋት፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ባልዲ፣ ሦስት ጨርቅ፣ አንድ ሰዓት ጊዜ፤ ለዚህችም ሰዓት ተገቢው ክፍያ። በነጻ ማሠራት ነውር ነው፤ «ፈተና ነው» እያሉ በየቀኑ አዲስ አመልካች አምጥተው ቤታቸውን የሚያስጠርጉ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁና ይህን አበክሬ እናገራለሁ። ተመልካቹ ወንበር ስቦ ይቀመጥ፤ አይናገር፤ ይመልከት። ከላይ ወደ ታች ታብሳለች ወይስ ወለሉን ወልውላ ከጨረሰች በኋላ መደርደሪያውን አራግፋ አቧራውን ትመልሰዋለች? የመጸዳጃ ቤቱን ጨርቅ ከጠረጴዛው ጨርቅ ትለያለች? ከበሩ ራቅ ካለው ጥግ ጀምራ ወደ መውጫው እየተመለሰች ትወለውላለች ወይስ የወለወለችውን መልሳ ትረግጣለች? የባልዲው ውሃ ሲጠቍር ትለውጣለች?

ስለ ውሃ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጅቡቲን የማያውቅ ጥሩ ሠራተኛ የሚሰናከልበት ነውና። የከተማይቱ የጕድጓድ ውሃ ብዙ ስለ ተቀዳ የባሕር ውሃ ሰርጎበት ለረጅም ዘመን ጨዋማ ሆኖ ኖሯል፤ በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተነሥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጕዞ የሚደርስ የቧንቧ ውሃ የተመረቀውም ይህን ችግር ለማቃለል ነው። በጨዋማ ውሃ ሳሙና በቀላሉ አረፋ አይወጣውም፤ መስተዋትና ሸክላ ላይ ታጥቦ ከተተወ ውሃው ሲተን ነጭ ጠባሳ ይቀራል። በደሴ ወይም በደብረ ብርሃን ውሃ መስተዋት አጥባ ያበራች ሴት፣ በጅቡቲ ያንኑ አድርጋ ባለሱቁ «ይህ ታጥቧል?» ሊላት ይችላል። ስለዚህ በፈተናው የመስተዋቱን ጠብታ ሳይደርቅ በደረቅ ጨርቅ ያነሣችው ሴት ወይ የአገሩን ውሃ ታውቃለች ወይ ዐይኗ ፈጣን ነው፤ ሁለቱም ይጠቅማሉ። ያላወቀችውን አንድ ጊዜ አሳዩአትና ሁለተኛውን መስተዋት ስጧት፤ ትምህርት የሚቀበል እጅ ከሚያውቅ እጅ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ይህ ነጭ ጠባሳ ሌላ ከባድ ነገር ይስባል። ጠባሳውን ለማስለቀቅ አሲድ ይገዛል፤ ለመጸዳጃ ቤቱ ደግሞ በአገራችን በረኪና፣ በጅቡቲ ጃቬል የሚባለው ፈሳሽ ይገዛል፤ ሁለቱም በአንድ ባልዲ አጠገብ ይቀመጣሉ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን የተባለው ጋዝ ነው፤ ይኸውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሚያዝያ 1915፣ በኢፕር ጦር ሜዳ ሰው ለመፍጀት የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። መዝጊያው በተዘጋ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይህ ቢሆን ምን እንደሚከተል ማሰብ ይበቃል። ስለሆነም ከፈተናው ጥያቄዎች ሁሉ፣ እርሱን ከምተው ሌላውን ሁሉ ብተው ይሻለኛል የምለው አንዱ ይህ ነው፤ ሁለቱን ጠርሙስ አቅርባችሁ «ሁለቱን አንድ ላይ ብናደርጋቸው ቶሎ አያጠራልንም?» ብላችሁ ጠይቁ። «ያፍናል፣ አይሆንም» የምትል ሴት ለራሷም ለደንበኛውም ሕይወት ዘብ ናት። ሳታውቅ ብትቀር በደሉ የእርሷ አይደለም፤ የጠርሙሱ ጽሕፈት ፈረንሳይኛ ነውና። የአማርኛ ፊደል የምታነብ ሠራተኛ በፈረንሳይኛ ጽሕፈት ፊት እንደ ማይም ትቆማለች፤ ስለዚህ በየጠርሙሱ ላይ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ መጻፍ፣ ማንበብ ለማይችሉም አሲዱን ቀይ፣ በረኪናውን ሰማያዊ ጨርቅ ማሰር የቀጣሪው ግዴታ ነው።

ስለ ወረቀት በአጭሩ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 የወጣ የሥራ ሕግ አላት፤ የውጭ አገር ዜጋ የሥራ ፈቃድ፣ ተቀጣሪ ሁሉ ደግሞ በማኅበራዊ ዋስትና መመዝገብ ያስፈልገዋል። ፈቃድ የሌላትን ሴት «ርካሽ ናት» ብሎ መቅጠር በፍርሃቷ ላይ መነገድ ነው። የቀድሞ አሠሪ የሰጠው የሥራ ምስክር ወረቀት ካለ ይታይ፤ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ 1156/2011 ሠራተኛው ይህን ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲያገኝ ያዝዛል፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን የሥራውን ዐይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ነው፤ ጠባይን አይመሰክርም። ስለ ጠባይ በስልክ ደውሎ «እንደ ገና ቢያገኟት ይቀጥሯታል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ከመልሱ በፊት ያለውንም ዝምታ ማድመጥ ነው። ፓስፖርት ግን አይያዝ። «እንዳትጠፋብኝ» ብሎ የሠራተኛን ፓስፖርት በሣጥን መቈለፍ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከግዳጅ ሥራ ምልክቶች እንደ አንዱ የቈጠረው ድርጊት ነው፤ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ2011 ስምምነትም ወረቀታቸው በእጃቸው እንዲሆን በአንቀጽ 9 ደንግጓል። ወረቀቱን አይቶ ቅጂ ወስዶ ዋናውን በእጇ መመለስ ይበቃል።

አሁን በብዙ ቤት ስለሚደረግ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ልቤንም የሚያሳዝነው ነው። ገንዘብ ከፍራሽ ሥር ወይም ከምንጣፍ ጥግ አስቀምጦ ሠራተኛዋ ታነሣው እንደ ሆነ የማየት ልማድ አለ። በጸሎታችን በየዕለቱ ከፈተና እንድንጠበቅ የምንለምን ሰዎች፣ ለልጇ መላክ ያቃታትን ሴት ሆን ብለን ወደ ፈተና ማግባታችን እንዴት ያለ ተቃርኖ ነው! ደግሞም ፈተናው የሚለካው ታማኝነትን አይደለም። ገንዘቡን ሳትነካ የተወችው ሴት ወጥመዱን ያወቀች ልትሆን ትችላለች፤ ያነሣችውም ማታ ልትሰጣችሁ በመሐረቧ ቋጥራ ይሆናል፤ ፈታኙ ግን እስከ ማታ ሳይጠብቅ ፈርዷል። ታማኝነትን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግልጽ የሆነ ሥርዓት አለ፤ «ወድቆ የተገኘ ነገር ሁሉ፣ ፍራንክም ቢሆን ቍልፍም ቢሆን፣ በዚህ ሣጥን ይገባል፤ በዚህ መዝገብ ይጻፋል» ብሎ ማሳየትና መዝገቡን በየሳምንቱ መመልከት። መዝገቡ ውስጥ አንዲት የሸሚዝ ቍልፍ የጻፈች ሠራተኛ ስለ ራሷ ከዐሥር ዋስ ይልቅ ተናግራለች።

ዕቃ በጠፋም ጊዜ እንዲሁ ነው። አባቶቻችን ሌባሻይ የሚሉት ልማድ ነበራቸው፤ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር፤ ኋላም በመንግሥት ተከልክሏል። ደንበኛ «ሽቶ ጠፋብኝ» ባለ ጊዜ ሳይመረምር ድሀይቱን የጽዳት ሠራተኛ የሚያባርር አሠሪ፣ ብላቴናውን አስቀርቶ ልማዱን ግን አላስቀረም። ከዚያ ይልቅ አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዓት ይሻል ነበር፤ የአገር ሰው ተሰብስቦ፣ ያየ ያየውን የሰማ የሰማውን እየተናገረ ነገሩ ይጣራ ነበርና። በጽዳት ድርጅት የአውጫጭኝን ቦታ የሚይዘው መዝገብ ነው፤ ቍልፉን ማን በስንት ሰዓት ወሰደ፣ ማን አብሮ ገባ፣ በስንት ሰዓት መለሰ። ይህ መዝገብ ከባለሱቁ ይልቅ ሠራተኛዋን ይጠብቃታል፤ በቃለ መጠይቁም ላይ እንዲህ ተብሎ ሊነገራት ይገባል፤ «ይህን የምናደርገው እርስዎን ስለ ተጠራጠርን አይደለም፤ የሚጠራጠርዎ ሰው በመጣ ጊዜ የምንመልስበት እንዲኖረን ነው።»

የሙከራ ጊዜም የዚህ አካል ነው። በኢትዮጵያ ዐዋጅ 1156/2011 የሙከራው ወሰን 60 የሥራ ቀን ነው፤ እኔም ለጽዳት ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም፤ በጅቡቲ የሚቀጥር ግን የዚያችን አገር ሕግ ይመልከት። በእነዚህ ቀናት ደመወዝ ሙሉ ይከፈል፤ አስተያየትም በየሳምንቱ ይነገር እንጂ በመጨረሻው ቀን እንደ መብረቅ አይውረድ። ሠራተኛዋም አሠሪዋን እየመረመረች መሆኗ አይረሳ፤ በቀኑ ትከፍላላችሁ ወይ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ትሰጣላችሁ ወይ፣ ደንበኛው ሲጮኽባት ከማን ጋር ትቆማላችሁ ትላለች። ያልታመነ አሠሪ የታመነ ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ ይዞ አያቈይም፤ በማዕከላዊ ገበያ ወሬ ከሱቅ ወደ ሱቅ ለመድረስ አንድ ቀትር ይበቃዋል።

እንግዲህ ተመርጣ የተቀጠረችው ሴት የመጀመሪያ ሳምንቷን ከቈየች ሠራተኛ ጋር ትግባ፤ በሁለተኛው ሳምንት እርሷ ትምራ፣ የቈየችው ትከተል። ቍልፍ የምትረከብበት ቀን ሲደርስ ባለሱቁ ራሱ ይገኝ፤ ሱቁን ዞሮ ያሳያት፤ የማይነካውን፣ የማይታጠበውን፣ የሚሰበረውን ይንገራት፤ ስሟን በመዝገቡ ላይ በለመደችው ፊደል ትጻፍ፤ ቍልፉንም በእጁ በእጇ ያስቀምጥላት። ከዚያ በኋላ መዝጊያውን ወደ ታች ስቦ ይሂድ፤ በዐሥር ሰዓት ሲመለስ ወለሉ ደርቆ፣ መስተዋቱ ያለ ጠባሳ ሆኖ፣ መሳቢያው እንደ ተወው ሆኖ ያገኘው እንደ ሆነ፣ ከሂሳቡ በፊት ስሟን ጠርቶ ያመስግናት።